የጤፉ ውልና የባለአክሲዮኑ ጥያቄ

በጉንደ ወይን፣ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ፣ እንዲሁም በየቀበሌው ሬዲዮ ከፍታችሁ የምትሰሙን ሁሉ፣ ይህ ትምህርት ለእናንተ ነው።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ባለአክሲዮን ኃላፊነት ነው። አንድ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ የአገር ምርት ወይም ሀብት ወደ ውጭ ያወጣል እንበል። ውሉ ማኅተም አርፎበታል፤ ባለሥልጣንም ፈርሞበታል። ውሎ አድሮ ግን ገበሬውን የሚጎዳ፣ ወይም የተገባው ቃል የማይፈጸምበት ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ ገንዘቡን አውጥቶ አክሲዮን የገዛው፣ የኩባንያው ባለቤት የሆነው ሰው «የፈረመው ሥራ አስኪያጁ፣ የፈቀደው መንግሥት፣ እኔ ምን አገባኝ?» ሊል ይችላል ወይ? እኔ አይችልም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ለማስረዳት የምጀምረው እናንተ ከምታርሱት፣ ከምትወቁት፣ በጎታ ከምታስቀምጡት ጤፍ ነው።

በ1995 ዓ.ም. መጋቢት ወር ሆላንድ አገር የሚገኝ «ሶይል ኤንድ ክሮፕ ኢምፕሩቭመንት» የተባለ ኩባንያ፣ ላረንስታይን ከሚባል የዚያው አገር የግብርና ኮሌጅ ጋር ሆኖ፣ ከኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ድርጅት ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረመ። በዚህም መሠረት 12 የጤፍ ዝርያዎች ወደ ሆላንድ ተላኩ። ክብደታቸው በድምሩ ከ1400 ኪሎ ጥቂት ይበልጥ ነበር፤ 14 ኩንታል መሆኑ ነው። 14 ኩንታል ጤፍ ለእናንተ ብዙ አይደለም፤ ዝናቡ ከሰመረለት፣ ማዳበሪያም በወቅቱ ከደረሰለት የአንድ ገበሬ የአንድ ዓመት ምርት ነው። የሄደው ግን ለመብል የሚሆን እህል ሳይሆን ዘር ነበር። የእኛ አያቶች ከትውልድ ትውልድ እየመረጡ፣ ለመረሬውም ለቀዩም አፈር፣ ለደጋውም ለወይና ደጋውም የሚስማማውን እየለዩ ያቆዩት ዘር።

የመግባቢያ ሰነዱ በተፈረመ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በሐምሌ 1995 ዓ.ም.፣ የኩባንያው ሰዎች በሆላንድ የፓተንት ጥያቄ አስገቡ። ፓተንት ማለት አንድ ሰው ወይም ኩባንያ «ይህን ነገር የፈጠርሁት እኔ ነኝ፤ ያለ እኔ ፈቃድ ማንም እንዳይሠራበት» ብሎ ከመንግሥት የሚያገኘው መብት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለ20 ዓመት ይጸናል። የተጠየቀው መብት ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ነበር። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፤ ጤፍ ከታጨደ በኋላ ወዲያው ሳይፈጭ ሲሰነብት ዱቄቱ ለመጋገር የተሻለ ይሆናል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ዱቄት፣ ከእሱም የሚቦካው ሊጥና የሚጋገረው ምግብ በእኛ መብት ሥር ይሁን የሚል ነው። በጎታ የሰነበተ ጤፍ ምን ዓይነት እንጀራ እንደሚወጣው የምታውቁ እናቶች፣ ይህን ስትሰሙ ምን እንደሚሰማችሁ መገመት አያቅተኝም።

ዋናው ውል የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። መጋቢት 27 ቀን 1997 ዓ.ም. በአንድ ወገን የኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምር ድርጅቱ፣ በሌላ ወገን «ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል» የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ለ10 ዓመት የሚቆይ ስምምነት ተፈራረሙ። ይህ ኩባንያ የቀድሞው ተከታይ ነው፤ ከጀርባው የነበሩትም እነዚያው ሰዎች ነበሩ። በወረቀት ላይ ሲታይ ስምምነቱ መልካም ነበር። ኩባንያው በኢትዮጵያ ጤፍ ተጠቅሞ አውሮፓ ውስጥ በስንዴ ያለው ግሉተን የማይስማማቸው ሰዎች የሚበሉት ምግብ ያዘጋጃል፤ ከዘር ሽያጭ ከሚያገኘው የተጣራ ትርፍ 30 በመቶውን ለኢትዮጵያ ያካፍላል። ከዚህም ሌላ ከጠቅላላ የተጣራ ትርፉ 5 በመቶ፣ ቢያንስ ግን በየዓመቱ 20 ሺህ ዩሮ፣ የጤፍ ገበሬዎችን ለመደገፍ ለሚቋቋም ፈንድ ይከፍላል። ምርምርም አብሮ ይሠራል። በዚያን ጊዜ ይህ ስምምነት ለዓለም ምሳሌ ይሆናል ተብሎ ነበር። የብዝኃ ሕይወት ስምምነት የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት ሰነድ፣ ዘሩን የሰጠና ዘሩን የተጠቀመ ጥቅሙን በፍትሕ ይካፈሉ ይላልና፣ እነሆ በሥራ ላይ ዋለ ተብሎ ተወደሰ።

ኢትዮጵያም በበኩሏ ግዴታ ገብታለች። በውሉ ለተዘረዘሩት የምግብ ዓይነቶች የሚሆን የጤፍ ዘር ያለ ኩባንያው ፈቃድ ለሌላ ወገን ላትሰጥ ተስማማች። ይህን አንቀጽ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ውሉ ተፈርሞ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በጥር 1999 ዓ.ም.፣ የአውሮፓ የፓተንት ቢሮ የዱቄቱን ፓተንት ሰጠ። መብቱ ሆላንድን፣ ጀርመንን፣ ቤልጂየምን፣ እንግሊዝን፣ ኦስትሪያንና ጣሊያንን የሚመለከት ነበር። ከዚያም ሐምሌ 28 ቀን 2001 ዓ.ም. ውሉን የፈረመው ኩባንያ ከሠረ ተብሎ በሆላንድ ፍርድ ቤት ተወሰነ። እስከዚያች ቀን ድረስ ለኢትዮጵያ የደረሰው ገንዘብ ስንት ይመስላችኋል? 4 ሺህ ዩሮ። በዚያ ላይ ተጀምሮ የተቋረጠ አንድ አነስተኛ የምርምር ሥራ። ይህን ጉዳይ በኖርዌይ የፍሪትዮፍ ናንሰን ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የሆኑት ሬጊነ አንደርሰንና ቶነ ቪንገ መርምረው በ2012 እ.ኤ.አ. በዝርዝር አሳትመውታል።

ኩባንያው ከሠረ ማለት የጤፉ ንግድ ቆመ ማለት አልነበረም። የኩባንያው ዳይሬክተሮች ሌሎች ኩባንያዎች መሥርተው ነበር። ጤፉን ማምረቱም፣ ዱቄቱን መሸጡም፣ ፓተንቱም በእነዚያ ኩባንያዎች እጅ ቀጠለ። ከኢትዮጵያ ጋር ውል የነበረው ግን ከሠረ የተባለው ኩባንያ ብቻ ነው። አዲሶቹ ኩባንያዎች በስም ሌላ ናቸው፤ በሕግ ዓይን ከኢትዮጵያ ጋር የተዋዋሉት ነገር የለም። አገራችን 30 በመቶውን፣ 5 በመቶውን፣ 20 ሺህ ዩሮውን ከማን ትጠይቅ? የከሠረው ኩባንያ ካዝና ባዶ ነው። ለሌላ አልሰጥም ብላ የተዋዋለችው ዘር ደግሞ ቀድሞ ከእጇ ወጥቷል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ አክሲዮን ሕግ ላስረዳ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነውና።

ኩባንያ በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሰው ነው። ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ይበደራል፣ ይከሰሳል። ባለአክሲዮኖቹ ባለቤቶቹ ቢሆኑም የኩባንያው ዕዳ የእነሱ ዕዳ አይደለም። በእኛም አገር ከ1952ቱ የንግድ ሕግ ጀምሮ፣ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም፣ በአዋጅ ቁጥር 1243፣ የአክሲዮን ማኅበር ባለአክሲዮን የሚጠየቀው በገዛው አክሲዮን ልክ ነው። ኩባንያው ቢወድቅ ያስገባውን ገንዘብ ያጣል፤ ከዚያ አልፎ በሬው አይነዳበትም፣ ቤቱ አይሸጥበትም። ይህ መልካም ሕግ ነው። ይህ ባይኖር ኖሮ አንድ የጉንደ ወይን አስተማሪ ከደመወዙ ቆጥቦ ሁለት ሺህ ወይም አምስት ሺህ ብር አክሲዮን ለመግዛት አይደፍርም ነበር። ብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ አዋጥቶ ባንክ፣ ፋብሪካ፣ መንገድ የሚሠራ ኩባንያ የሚያቆመው በዚህ ጥላ ሥር ሆኖ ነው።

ነገር ግን ጥላው ያለ ዋጋ የተሰጠ አይደለም። ኩባንያው ሲወድቅ ባለአክሲዮኑ ያልከፈለው ዕዳ በሆነ ሰው ላይ ያርፋል። በጤፉ ጉዳይ ያረፈው በኢትዮጵያ ገበሬ ላይ ነው። ሕጉ ባለአክሲዮኑን ከዕዳ ሲጠብቀው ዕዳውን አጥፍቶ አይደለም፤ ወደ ሌላው ትከሻ አዛውሮ ነው። እንግዲህ ይህን ያህል ጥበቃ የተደረገለት ሰው በምላሹ ቢያንስ አንድ ነገር አለበት፤ ኩባንያው በስሙ ምን እየተዋዋለ እንደሆነ ማወቅና መጠየቅ። ከዕዳ ነፃ ነህ ማለት ከኅሊና ነፃ ነህ ማለት አይደለም።

በበዓል ቅርጫ ስንገባ የምናደርገውን አስቡት። ስምንትና አሥር ሆነን አዋጥተን በሬ እንገዛለን። ገንዘቡን አዋጥቶ ገበያ ያልሄደ ሰው እንኳ «በሬው የማን ነው? ከማን ገዛችሁት?» ብሎ ይጠይቃል። በሬው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝና ባለቤቱ እያለቀሰ ቢመጣ፣ «እኔ መደቤን ብቻ ነው የወሰድሁ» የሚልን ሰው ጎረቤቱ ምን ብሎ እንደሚያየው ታውቃላችሁ። የአክሲዮን ድርሻም ያው መደብ ነው፤ ልዩነቱ በሬው ሩቅ በመሆኑ ባለቤቱ ሲያለቅስ አለመሰማቱ ነው።

«ውሉን የፈረመው እኮ መንግሥት ነው» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፣ በጤፉ ውል የእኛም ወገን ጥፋት ነበረበት። ውሉ ሲፈረም የዘር ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት የሚጠበቅበት ሕግ ገና አልወጣም ነበር። አዋጅ ቁጥር 482 የወጣው በ1998 ዓ.ም.፣ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው። ኩባንያው ቢከሥር ምን ይሆናል፣ ንብረቱን ወደ ሌላ ኩባንያ ቢያዛውር ግዴታው አብሮ ይሄዳል ወይ፣ ክፍያው በምን ዋስትና ይያዛል የሚለው ጥያቄ በሚገባ አልታሰረም። የፓተንቱ ጥያቄ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ገብቶ እያለ ነገሩ እንዲቀር አልተደረገም። የተፈራረሙት ሰዎች በቅን ልቦና እንደሠሩ አምናለሁ፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ውል ሲጻፍ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበርና። ሆኖም የመንግሥት ማኅተም ውሉን ሕጋዊ ያደርገዋል እንጂ ትክክል አያደርገውም። ማኅተም ያረፈበት ውል የሚጎዳውን ሰው ጉዳት አይቀንስለትም። ባለአክሲዮኑም ማኅተሙን አይቶ ጥያቄውን ቢያቆም፣ የተሰጠውን ጥበቃ ዋጋ አልከፈለም።

የጤፉ ታሪክ በኪሳራው አላበቃም። በኋላ ፓተንቱን የያዘው «ኤንሼንትግሬይን» የተባለው ኩባንያ፣ የጤፍ ውጤት የሚሸጠውን «ባከልስ ሲኒየር» የተባለ ሌላ የሆላንድ ኩባንያ መብቴን ጥሷል ብሎ በሄግ ፍርድ ቤት ከሰሰው። ክሱ የተገላቢጦሽ ሆነ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ፓተንቱ አዲስ የፈጠራ ሥራ የለበትም፣ ስለዚህ በሆላንድ ዋጋ የለውም ብሎ ወሰነ። ዜናው በዚያው ዓመት ክረምት ሳይገባ አዲስ አበባ ሲደርስ ብዙ ሰው ደስ ብሎታል። ልብ በሉ ግን፣ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ፊት ያቀረበው የኢትዮጵያ ገበሬ አልነበረም፣ የኩባንያው ባለድርሻም አልነበረም። ሁለት ነጋዴዎች ተጣልተው ነው እውነቱ የወጣው። 15 ዓመት አልፎ ነበር።

ከጤፉ ወደ ሌላ የአገራችን ታሪክ ላሻግራችሁ። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በጋምቤላ 100 ሺህ ሄክታር መሬት ለ50 ዓመት ተከራየ። ኪራዩ በሄክታር በዓመት 20 ብር ነበር። ዓላማው ሩዝ፣ በቆሎ፣ ሸንኮራና የዘይት ዛፍ አምርቶ በአብዛኛው ለውጭ ገበያ ማቅረብ ነበር። ካሩቱሪ አክሲዮኑ በቦምቤይ ገበያ የሚሸጥ ኩባንያ ነበር፤ ባለአክሲዮኖቹም በየከተማው ያሉ ተራ ህንዶች ጭምር ነበሩ። ከእነዚያ መካከል ጋምቤላ የት እንዳለ የሚያውቅ፣ በዚያ መሬት ላይ ማን ይኖራል ብሎ የጠየቀ ስንቱ ይሆን? መሬቱ የባሮ ወንዝ ሲሞላ የሚያጥለቀልቀው ሜዳ ነው። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ባሮ ሞልቶ የኩባንያውን የበቆሎ አዝመራ ወሰደው። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. መንግሥት ውሉን ሲያቋርጥ ከ100 ሺህ ሄክታሩ የለማው 1200 ብቻ ነው አለ። የአኙዋክና የኑዌር ሰው መሬቱን አጣ፤ ባለአክሲዮኑም ገንዘቡን አጣ። ባሮ እንደሚሞላ ደግሞ የአካባቢው ልጅ ሁሉ ያውቅ ነበር። አንድ ባለአክሲዮን በጉባኤ ላይ ተነሥቶ «መሬቱን ያየ ሰው አለ? የሚኖሩበትንስ ሰዎች ያነጋገረ አለ?» ቢል ሁለቱም ወገን ይተርፍ ነበር።

ጥያቄ የሚጠይቁ ባለአክሲዮኖች በዓለም ላይ አሉ፤ የእነሱንም ታሪክ ልንገራችሁ።

ኦሲፒ የሚለውን ስም በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያያችሁ ትኖራላችሁ። ማዳበሪያ የሚሠራበትን ፎስፌት የተባለ ማዕድን የሚያወጣ የሞሮኮ ድርጅት ነው፤ ባለቤቱም በአብዛኛው የሞሮኮ መንግሥት ነው። በኅዳር 2009 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በድሬዳዋ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለማቆም የተፈራረመው እሱ ነው። ዋናው የፎስፌት ማዕድኑ በሞሮኮ ኩሪብጋ ይገኛል። ነገር ግን ቡ ክራ ከሚባል ቦታም ያወጣል። ቡ ክራ ያለው ምዕራብ ሰሃራ ውስጥ ነው። ይህን ምድር ሞሮኮ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይዛዋለች፤ የነዋሪዎቹ የሰሃራዊያን የራስን ዕድል በራስ የመወሰን ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ በተባበሩት መንግሥታት ፊት አልተዘጋም። በ2002 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የሕግ ኃላፊ የነበሩት ሃንስ ኮሬል፣ በዚያ ምድር ማዕድን ማውጣት ከሕዝቡ ጥቅምና ፈቃድ ውጭ ከሆነ ከዓለም አቀፍ ሕግ ጋር ይጋጫል የሚል አስተያየት ሰጡ።

ፎስፌቱን የሚገዙ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ከነሱም አንዱ ፖታሽ ኮርፖሬሽን የተባለው የካናዳ ኩባንያ ነው። የዚህ ኩባንያ ባለአክሲዮን ማን ነበር? ከሌሎች መካከል የኖርዌይ ሕዝብ። ኖርዌይ ከነዳጇ የምታገኘውን ገንዘብ ለልጅ ልጆቿ የምታስቀምጥበት ትልቅ ፈንድ አላት፤ በብዙ ሺህ ኩባንያዎች አክሲዮን ገዝታበታለች። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ኩባንያዎቹን የሚመረምር የሥነ ምግባር ምክር ቤት አቁማለች። ምክር ቤቱ የቡ ክራን ፎስፌት ጉዳይ መርምሮ፣ ኩባንያዎቹ ቢጠየቁም ግዢውን እንደማያቆሙ ካረጋገጠ በኋላ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የኖርዌይ ገንዘብ ሚኒስቴር ፖታሽ ኮርፖሬሽንንና ኤፍኤምሲ የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ ከፈንዱ አስወጣ። አክሲዮኑን ሸጠ፤ ምክንያቱንም በይፋ ጽፎ አስቀመጠ። ፖታሽ ኮርፖሬሽን በኋላ ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ኑትሪየን ሆነ፤ ኑትሪየንም በ2018 እ.ኤ.አ. ከምዕራብ ሰሃራ መግዛቱን አቆመ። ኩባንያው ከአንድ መንግሥት ድርጅት ጋር በሕጋዊ ውል ነበር የሚገዛው። የጠየቀው ፍርድ ቤት ሳይሆን ባለአክሲዮን ነው።

ከዚህ የሚበልጥብኝ ግን የ1971 እ.ኤ.አ. ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም የተሸነፈ ጥያቄ ነው። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን በጄኔራል ሞተርስ የመኪና ኩባንያ ጥቂት አክሲዮን ነበራት። ኩባንያው በደቡብ አፍሪካ ፋብሪካ ነበረው፤ ጥቁሮችን ይጨቁን ለነበረው የአፓርታይድ መንግሥትም ተሽከርካሪ ይሸጥ ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ ዲትሮይት በተደረገው የኩባንያው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ኩባንያው ከደቡብ አፍሪካ ይውጣ የሚል ሐሳብ አቀረበች። በዚያው ዓመት የኩባንያው ቦርድ አባል የሆኑት ጥቁሩ ቄስ ሊዮን ሱሊቫን ከቦርዱ ተለይተው ሐሳቡን ደግፈው ተናገሩ። ድምፅ ሲቆጠር ከ100ው 3 እንኳ አልሞላም። አበቃ የሚያሰኝ ነበር። ነገር ግን ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ቀረ፤ በየዓመቱም እየተመለሰ መጣ። በ1977 እ.ኤ.አ. ሱሊቫን በደቡብ አፍሪካ ለሚሠሩ ኩባንያዎች የሥነ ምግባር መመሪያ አወጡ፤ ዩኒቨርሲቲዎችና የጡረታ ፈንዶች አክሲዮናቸውን መሸጥ ጀመሩ። በ1986 እ.ኤ.አ. ጄኔራል ሞተርስ ከደቡብ አፍሪካ መውጣቱን አስታወቀ።

አሁን ወደ ጉንደ ወይን እንመለስ። «እኛ ባለአክሲዮን ነን ወይ?» የምትሉ ካላችሁ፣ አዎ፣ ብዙዎቻችሁ ናችሁ።

የገበሬዎች መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል የሆነ ሁሉ ዕጣ ገዝቷል፤ ዕጣ ማለት አክሲዮን ነው። ማኅበራቱ ደግሞ ተሰባስበው ዩኒየን ያቆማሉ፤ ደብረ ማርቆስ ያለውን ጎዛምን ዩኒየን በዞናችን የማያውቀው የለም። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985 ለእናንተ የሰጠው መብት ከአክሲዮን ማኅበር ይበልጣል። በአክሲዮን ማኅበር ብዙ አክሲዮን ያለው ብዙ ድምፅ አለው። በኅብረት ሥራ ግን አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው። አንድ ዕጣ ያላት መበለትና አሥር ዕጣ ያለው ባለሀብት እኩል እጅ ያወጣሉ።

በከተማ ያላችሁ ደግሞ በባንክ አክሲዮን ገዝታችኋል። አማራ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከ100 ሺህ በላይ ባለአክሲዮን ነበረው፤ ብዙዎቹ በጥቂት ሺህ ብር የገቡ ናቸው። አባይ ባንክም ከዚያ ቀደም ብሎ በዚሁ ክልል ሰው አክሲዮን የቆመ ነው። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ አንዱ አክሲዮን 300 ብር ነበር፤ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፤ በቴሌብር በስልክ ሆኖ የገዛው ሰው ከ47 ሺህ በላይ ነው። በዚያው ዓመት ጥር ወር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በአዲስ አበባ ተከፈተ። አክሲዮን ከእንግዲህ እንደ እህል በገበያ የሚሸጥና የሚገዛ ይሆናል። ባንኩ ለማን አበደረ? ያበደረው ላኪ ሰሊጡን፣ ቦሎቄውን፣ ማሾውን ከማን በስንት ገዛ? ከመንግሥት ያገኘውን የውጭ ምንዛሪ ወይም ልዩ ፈቃድ በምን መንገድ አገኘው? እነዚህ ጥያቄዎች የእናንተ ናቸው።

ለዚህ ጊዜው መቼ ነው? ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ብዙ ሰው ወደ ጉባኤ የሚሄደው የትርፍ ድርሻው በመቶ ስንት እንደሆነ ለመስማት ነው። ድርሻው ከፍ ካለ ይጨበጨባል፣ የኦዲተሩ ሪፖርት በችኮላ ይነበባል፣ ምርጫ ይካሄዳል፣ ምሳ ይበላል። ብዙ ሰው ደግሞ ውክልና ለአንድ ሰው ሰጥቶ ቤቱ ይቀመጣል። ውክልና መስጠት መብት ነው፤ ግን ወኪላችሁ ምን ብሎ ድምፅ እንደሚሰጥ ሳትነግሩት አትስጡ። ሪፖርቱ ከጉባኤው በፊት እንዲደርሳችሁ ጠይቁ፤ ማየት መብታችሁ ነው። ሪፖርቱ ላይ «ከመንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት» የሚል ቃል ካያችሁ እዚያ ላይ ጣታችሁን አሳርፉ። ስምምነቱ ምን ይላል? ማን ይጎዳል? ሻጩ ገበሬ ዋጋው የሚከፈለው መቼ ነው? ኩባንያው ነገ ቢዳከም ለገበሬው የተገባው ቃል በምን ዋስትና ይታሰራል? የቦርዱ አባላት በሌላ ኩባንያ ድርሻ አላቸው ወይ?

በተለይ የመጨረሻውን ጥያቄ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ኩባንያ ከኩባንያ እየተወለደ ንብረቱ የሚሸሽበት፣ ዕዳው ግን በአሮጌው የሚቀርበት መንገድ በሆላንድ ብቻ የሚገኝ አይደለም። አንዱ ኩባንያ ለሌላው የሰጠው ንብረት በትክክለኛ ዋጋ መሸጡን፣ ሁለቱንም የሚመሩት እነማን እንደሆኑ ማወቅ የኦዲተሩ ሥራ ነው፤ ኦዲተሩን የሚመርጠው ደግሞ ጉባኤው ነው፤ እናንተ ናችሁ።

ለዘር ጉዳይ ደግሞ በአዋጅ 482 ያለውን አንድ ነገር ንገሩልኝ፤ ለጎረቤታችሁም፣ ለቀበሌ አስተዳዳሪያችሁም። ማንኛውም ሰው የአካባቢያችሁን ዘር ተጠቅሞ ገንዘብ ሲያገኝና ለኢትዮጵያ ጥቅም ሲያካፍል፣ ለኢትዮጵያ ከደረሰው ገንዘብ 50 በመቶው የማኅበረሰቡ ነው ይላል ሕጉ። የማኅበረሰቡን ዕውቀት ለመጠቀም ደግሞ የማኅበረሰቡን ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው። ከቀበሌያችሁ የጤፍ፣ የገብስ ወይም የባቄላ ዘር ሰብስቦ ለመሄድ የሚመጣ ሰው ካለ፣ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩቱን ፈቃድ አሳየኝ ማለት መብታችሁ ነው። በምርምር ስም የሚመጡ ቅን ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ፈቃዱን በደስታ ያሳያሉ።

ሐሳባችሁ በጉባኤው ቢሸነፍስ? ጄኔራል ሞተርስን አስታውሱ። መጀመሪያ፣ የተቃወማችሁት ነገር በስማችሁ በቃለ ጉባኤ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ ጸሐፊው ከተወው ጉባኤው ሳይበተን አስነብቡት። ውሳኔው ሕግን ወይም የማኅበሩን መመሥረቻ ጽሑፍ የሚጥስ ከሆነ በፍርድ ቤት የመቃወም መብት አላችሁ፤ ጊዜው የተወሰነ ነውና ሳትዘገዩ የሕግ ባለሙያ አማክሩ። በኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ ደግሞ ለወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አቤት በሉ፤ የማኅበሩን መዝገብ መመርመር ሥልጣኑ ነው። በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ ጥያቄ ይዛችሁ ተመለሱ፤ ብቻችሁን አትሂዱ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ ሪፖርቱን ቀድማችሁ አንብባችሁ፣ ቁጥሩን ጽፋችሁ ሂዱ።